ሰፈራችን ባለው እንዲኖር ምን እናድርግ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉ ሰፈሮች ዕድር ላይ፣ ቡና ላይ፣ አንዳንዴም ውሃ ወረፋ ላይ የሚነሱ ናቸው። ቱሉ ዲምቱም ኑሩ የካ አባዶ፣ ወደ ሰበታም ኑሩ ወደ ሱሉልታ፣ ነገሩ ያው ነው። ውሃ፣ መብራት፣ ማገዶ፣ ቆሻሻ። የምችለውን ያህል ቁጥር አስገብቼ መልሻለሁ።

ስለ ሰፈራችን እያወራን ደሴት ምን አመጣው?

ትንሽ ደሴት ላይ የሚኖር ሰው ያለውን ያውቃል። ውሃው ይህን ያህል ነው፤ ማገዶው ይህን ያህል ነው። ቆሻሻውንም ወስዶ የሚደፋበት ማዶ የለውም። አንድ ነገር ሲያልቅ ዓይኑ እያየ ነው የሚያልቀው።

ከከተማው ጫፍ የሚኖር ሰው ይህ አይጠፋውም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም አንዳንዴ ይዘላል። ክረምት ሲጠና ጭቃው ቦቴ አያሳልፍም። መብራት ሄደ ማለት እስኪመጣ ሻማ ነው። እንዲህ ባለ ሳምንት ሰፈሩ ዙሪያውን ውሃ የከበበው ያህል ይሆናል።

ትናንሽ ደሴቶች በዚህ ችግር ከእኛ በፊት ስለኖሩ መላውንም ቀድመው ሞክረዋል። እኔ ከእነሱ አጥብቄ የምመኘው ስምምነታቸውን ነው። ማሽኑ በኋላ ይመጣል።

ለምሳሌ የትኛው ደሴት?

ስኮትላንድ ውስጥ ኤግ የምትባል ደሴት አለች። ነዋሪዎቿ 100 አካባቢ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ደሴቲቱን ከባለርስቱ ገዝተው የጋራቸው አደረጉ። ያኔ ከዋናው መሬት የሚመጣ የኤሌክትሪክ መስመር አልነበራቸውም። አብዛኛው ቤት በናፍጣ በሚሠራ ጄኔሬተር ነበር የሚኖረው። እ.ኤ.አ. በ2008 ነፋስን፣ ትናንሽ ወንዞችንና ፀሐይን አቀናጅተው የራሳቸውን መብራት አበሩ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ገደቡ ላይ ነው። እያንዳንዱ መኖሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት በላይ እንዳይስብ ተስማሙ። ለንግድ ቤት ደግሞ 10 ኪሎዋት። ሀብታምም ሆነ ደሃ ገደቡ አንድ ነው። ከዚያ ያለፈ ሰው ቤቱ መብራት ይቋረጥበታል። ነፋሱና ዝናቡ ተርፎ ኃይል ሲበዛ ደግሞ ትርፉ እንደ መሰብሰቢያ አዳራሹ ያሉ የጋራ ቤቶችን ያሞቃል። መስመሩን የሚጠግኑትም ሠልጥነው የተመደቡ የደሴቲቱ ልጆች ናቸው።

ይህ ነገር በጣም ይገርመኛል። ማንም ሳያስገድዳቸው ተሰብስበው "ይህ ይበቃናል" አሉ። ከ2008 ጀምሮም በዚያው ቃላቸው እየኖሩ ነው።

5 ኪሎዋት እኮ ለእኛ ምጣድ እንኳ አይበቃም!

ይበቃል፤ ግን ለጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በተለምዶ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ኤግ ላይ እንጀራ የሚጋገር ቢሆን ኖሮ ምጣድ የጣደ ቤት የውሃ ማሞቂያውን ማጥፋት ነበረበት።

ወደ ራሳችን እንምጣ። አንድ ትራንስፎርመር ላይ ያሉ 50 ቤቶች ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥዱ፣ እያንዳንዱ 4 ኪሎዋት ሲባል፣ 200 ኪሎዋት ነው። ለምጣድ ብቻ! ልብስ ማጠቢያው፣ ምድጃውና ማሞቂያው ገና አልተቆጠረም። ከዚያ መብራቱ ይደክማል፣ ምጣዱ አልግል ይላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሲብስም ትራንስፎርመሩ ይቃጠልና ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

መድኃኒቱ አንድ ብር አያስወጣም፤ የምጣድ ቀን መከፋፈል ነው። ሰኞና ሐሙስ እነዚህ ብሎኮች፣ ማክሰኞና ዓርብ እነዚያ ብሎኮች ተብሎ ዕድር ላይ ይወሰናል። በቀን ውስጥም ከምሽቱ ሰዓት ወደ ረፋድ ማዞር ይቻላል፤ ማታ ሁሉም ቤቱ ገብቶ መብራት የሚያበራበት ሰዓት ነው።

ሌላም አለ። ቀዝቃዛ ምጣድ እስኪግል የሚበላው ኃይል ቀላል አይደለም። ሁለት ጎረቤቶች ሊጣቸውን ይዘው አንድ ቤት ቢገናኙ፣ አንዴ በጋለ ምጣድ ሁለቱም ይጋግራሉ፤ ማሰሻውም አንድ፣ ሰፌዱም አንድ። ኮንዶሚኒየም ከመግባታችን በፊት እናቶቻችን የኖሩበት ነገር ስለሆነ አዲስ ትምህርት አይጠይቅም።

ደሴት ሁሉ እንደዚህ ተስማምቶ ነው የሚሠራው?

ሁሉም አይደለም። የተሳካላቸው ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ንብረቱ የነዋሪው ነው። ዴንማርክ ውስጥ ያለችው ሳምሶ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት የገበሬ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1997 መንግሥት ያወጣውን የታዳሽ ኃይል ውድድር አሸነፈች። ከዚያ በየብስ 11፣ በባሕር ላይ ደግሞ 10 የነፋስ ተርባይን ተከለች። በየብስ ካሉት አብዛኞቹ የገበሬዎቹ ናቸው። የተቀሩት በአክሲዮን የተያዙ ናቸው። ለቤት ማሞቂያ ደግሞ ገለባቸውን ያቃጥላሉ። በአሥር ዓመት ገደማ ከሚጠቀሙት በላይ ኃይል ማመንጨት ቻሉ።

የነፋስ ተርባይን ድምፅ አለው፤ ዕይታም ይጋርዳል። የሌላ ሰው ሲሆን ያስጮኻል። የራስ ሲሆን ግን ሰው ጠዋት ተነሥቶ "ዛሬ እየዞረ ነው?" ብሎ ነው የሚያየው። ሰፈር ውስጥ የሚተከል የጋራ ነገር ሁሉ ይህን ቢያስብ እመኛለሁ። ተለግሶ መጥቶ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የማይታወቅ የውሃ ቦኖ ስንት አለ?

የዝናብ ውሃ ማጠራቀም እውነት ያዋጣል?

ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው እሱ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። አዲስ አበባና አካባቢዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በዓመት 60,000 ሊትር ይወርድበታል ማለት ነው። በትነትና በመፍሰስ ከአምስት አንድ እጁ ቢባክን እንኳ 48,000 ሊትር ይቀራል። በ20 ሊትር ጀሪካን 2,400 ጀሪካን ነው። ይህ ሁሉ ደጃችን ላይ ወርዶ፣ መንገዳችንን አቡክቶ፣ ወደ አቃቂ ይወርዳል። እኛ ደግሞ በኅዳር ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን።

ቤርሙዳ ደሴት ላይ ወንዝ የለም፤ ጣፋጭ ውሃ ያለው ሐይቅም የለም። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ጣሪያው ዝናብ እንዲይዝ አድርጎ እንዲሠራ ሕጉ ያዛል። ጣሪያዎቹ በደረጃ የተነባበሩ ነጭ የኖራ ድንጋዮች ናቸው። ደረጃው የውሃውን ፍጥነት ይሰብራል። ውሃው በጠርዙ ባለው መውረጃ ተመርቶ ከቤቱ ሥር ወዳለ ጉድጓድ ይገባል። እዚያ ውሃ ማባከን ነውር ነው፤ ልጆች ከሕፃንነታቸው ይህን እያዩ ያድጋሉ።

የእኛ ችግር ዝናቡ በአንድ ወቅት መምጣቱ ነው። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ከጥቅምት በኋላ ደረቅ ነው። ስለዚህ የሚወስነው የጣሪያው ስፋት ሳይሆን ማጠራቀሚያው ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ 50 ቀን ያቆየዋል። መስከረም መጨረሻ ላይ የሞላ ሮቶ ኅዳር አጋማሽ ድረስ ያደርሳል። ዓመቱን አያዘልቅም፤ ሙሉ ክረምቱን ግን ከቦቴ ያሳርፋል፤ ከበልግ ዝናብም መልሶ ይሞላል።

ስትሠሩ እነዚህን አትርሱ። 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን፣ ማለትም 50 ኩንታል ይመዝናል። ሮቶውን በሚንቀሳቀስ ድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ አታስቀምጡት። መሠረቱ ተጠቅጥቆ ኮንክሪት ይፍሰስበት። አሸንዳው ወደ መውረጃው ትንሽ ይዘንብል፤ ካልሆነ ውሃ ይቋጥራል፣ ቢንቢም ይፈለፈላል። የሮቶው አፍ ሁልጊዜ ይከደን። ሞልቶ የሚፈሰውም መውጫ ይኑረው፤ ወደ ጎረቤት አጥር እንዳይሄድ።

ሮቶ የመግዛት አቅም ከሌለ በበርሜል መጀመር ይቻላል። ከእኛ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት አሸንዳ እንኳ የላቸውም። የታጠፈ ቆርቆሮ ከጣሪያው ጫፍ አስረው፣ ከሥሩ ሰማያዊ በርሜል አስቀምጠዋል። አፉ ላይ ያረጀ ነጠላ ወጥሮ በላስቲክ አስሮ መተው ነው። ቅጠሉና ነፍሳቱ ነጠላው ላይ ይቀራል፤ ከዝናብ በኋላ አራግፈው ያጥቡታል። የቤታቸው ልብስ ሙሉ ክረምት በዚያ ይታጠባል።

የዝናቡ ውሃ ይጠጣል?

እንዲሁ አይጠጣም። በጋውን ሙሉ ጣሪያው ላይ አቧራ፣ የወፍ ኩስና ጥላሸት ይከማቻል። የመጀመሪያው ዝናብ ይህን አጥቦ ስለሚያወርድ ቡናማ ነው። እሱን ድፉት። ለ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ የመጀመሪያዎቹን 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን መድፋት ጥሩ ነው። ከበርካታ ደረቅ ቀናት በኋላ ሲዘንብም እንደዚያው። ለመጠጥ ከፈለጋችሁት አጣርታችሁ አፍሉት፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት አክሙት። የኤተርኒት ጣሪያ ወይም የተላላጠ አሮጌ ቀለም ካላችሁ ለልብስና ለመጸዳጃ ብቻ ይሁን።

ጉድጓድ ብንቆፍር አይሻልም?

ከጋራ ውሳኔ በፊት አትቁፈሩ። የከርሰ ምድር ውሃ የግቢ አጥር አያውቅም። አንዱ አብዝቶ ሲስብ የጎረቤቱ ይደርቃል። ፈቃድም ያስፈልጋል። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ በእኛ ግቢዎች ስፋት ደግሞ ይህን ማሟላት ከባድ ነው።

ከሰል መተው አለብን?

ቡናውን በከሰል አታፍሉ የሚል ሰው አይሰማም፤ እኔም አልልም። የዕለት ወጡንና እንጀራውን ግን ከከሰልና ከእንጨት ብናላቅቅ ትልቅ ነገር ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ነው። ጭስ የለውም። ስለዚህ መብራት ባለበት ሰዓት በመብራት ማብሰል ለደኑም ለሳንባም ይሻላል።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ጊዜ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። የገባውም አዲስ አበባ ማገዶ ስለጨረሰች ነበር። ከእንጦጦ እስከ ዛሬ ሸክሙ አጉብጧቸው የሚወርዱ እናቶችን ያላየ የለም። እኛ በአንድ ጥድፊያ የምናነደው ማገዶ የእነሱ ሙሉ ቀን ነው።

በእንጨት መጋገር ግድ የሚሆንበት ቤት አለ። እሱ "ምርጥ" የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ይያዝ፤ በሦስት ጉልቻ ከሚነድደው እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል። ለከሰል "ላቀች" የተባለችው ምድጃ ሩብ ያህል ትቆጥባለች። ሁለቱም አገር ውስጥ የሚሠሩ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምናችሁ። በክረምት ብርድ ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ አትተኙ። ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ቤተሰብ በሙሉ ይጨርሳል። ለጎረቤትም፣ ለተከራይም፣ ለዘበኛም ንገሩ።

ሶላር ብናስገባስ?

ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለቴሌቪዥንና ለዋይፋይ በጣም ጥሩ ነው። ለምጣድ ግን አትልፉ፤ ባትሪው ራሱ ኪስ ያራቁታል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ፓነሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ብቻ ያዘንብል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል፤ ዝናቡም ያጥበዋል። በበጋ አቧራውን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ለብቻ ከሚገዛ አነስተኛ ሶላር ይልቅ ለደረጃውና ለግቢው በር የጋራ መብራት ቢጀመር ይሻላል እላለሁ፤ ጥቅሙን ሁሉም በአንድ ሌሊት ያየዋል።

ቆሻሻ እየተወሰደልን አይደል እንዴ?

ይወሰዳል። ግን የሚደርስበት ቦታ አለ፤ እዚያም ሰው አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቆሼ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ስለ ቆሻሻ ሳስብ ከዚህ ቀን አልፌ ማሰብ አይሆንልኝም።

ከቤታችን ከሚወጣው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ። ይህ ለብቻው ከተለየ ማዳበሪያ ይሆናል። አጥር ጥግ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ይበቃል። እርጥቡን አንድ ድርብ፣ ደረቅ ቅጠልና ገለባ አንድ ድርብ እያደረጋችሁ ሙሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል፤ ደረቅ ጨምሩበት። የገረባው ወፍራም እንጨት ቶሎ ስለማይበሰብስ ተቆርጦ ይግባ። ሥጋና ቅባት አታስገቡ፤ ውሻና አይጥ ይጠራል።

ሃይላንዱን፣ ቆርቆሮውንና ካርቶኑን ለይታችሁ ለቆራሊዮ ስጡ። ፌስታል በ2017 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ተከልክሏል፤ ዘንቢል መልሱ። ገበያ ሲኬድ ዘንቢል መያዝ የሚያሳፍረው ሰው ካለ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይለምደዋል።

ጓሮ አትክልትስ በየትኛው ውሃ?

ዕቃ ባጠባችሁበት ውሃ ጎመንና ሽንኩርት ይጠጣል፤ ሳሙናው ካልበዛ፣ በረኪና ከሌለበት። ከሥሩ አጠጡ፤ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። በአቃቂ ወንዝ ግን አታጠጡ። ከላይ ከከተማው የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ኬሚካል ይዞ ነው የሚወርደው፤ ከባድ ብረቶችም ይገኙበታል። ጎመኑን በማጠብ የሚወጣ ነገር አይደለም።

ከአገራችን ምሳሌ የለም?

አለ እንጂ። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ባሉት ደሴቶች የዛይ ሕዝብ ኖሯል። ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት። መሬቷ ተዳፋት ስለሆነ በድንጋይ እርከን እየሠሩ አፈሩን ይዘው አረሱ። አፈሩ ሐይቅ ከገባ የሚመልሰው የለም። በእኛ በኩልም ተዳፋት ላይ የተሠሩ ሰፈሮች አሉ፤ ክረምት ላይ ግቢያቸው በጎርፍ ይላጫል። አንድ መስመር ድንጋይና ከጎኑ የተተከለ ቬቲቨር ሣር ስንቱን ያድን ነበር።

ጣና ዳር ያለችው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ደግሞ ማረስ አይፈቀድባትም። ልማዱ ከገዳማቱ ጋር የተያያዘ ነው። አቡነ በትረ ማርያም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ከበትራቸው እንዳበቀሉ ይተረካል። ሰዉ በደን ውስጥ በሚያበቅለው ቡናና ጌሾ ይተዳደራል። ዙሪያው ሲራቆት ዘጌ ደኗን ይዛ የቆየችው ሰው ሁሉ በተቀበለው አንድ ደንብ ነው።

ይህን ሁሉ ማን ያስተባብረው? ሌላ ኮሚቴ አያስፈልግም?

እባካችሁ አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ። ዕድር አለ። ዳኛ አለው፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ የቀረን ይቀጣል። ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት በጋራ ይዟል። ማንም ለራሱ ለቅሶ ድንኳን አይገዛም። መሰላል፣ የአሸንዳ መሥሪያ መሣሪያ፣ የጋራ ሮቶ በዚያው መንገድ ሊያዝ ይችላል። ከወር መዋጮው ላይ ትንሽ ተጨምሮ ለብቻው ይመዝገብ፤ ከለቅሶው ገንዘብ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን ይገባል፤ ገንዘቡ ከተቀላቀለ መጀመሪያ የሚፈርሰው መተማመኑ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ይሁን ለሚለው የእኔ ምርጫ የምጣድ ቀን ነው። ወጪ የለውም፤ በወር ውስጥ ውጤቱ ይታያል። ከዚያ አሸንዳው፤ ግንቦት ሳያልቅ።

ተከራይ ነኝ። ነገ ልለቅ እችላለሁ። ምን ላድርግ?

የሚነሣ ነገር ያዙ። በርሜል፣ ላቀች፣ በጆንያ ወይም በአሮጌ ባልዲ የተተከለ ጎመን፣ ዘንቢል። ሲለቁ ፒካፕ ላይ ይጫናል። አሸንዳ የሚያስፈልግ ከሆነ አከራዩን ቁጭ አድርጋችሁ አናግሩ፤ ዕቃውን እሳቸው ይግዙ፣ ጉልበቱን እናንተ። ዕድር መግባትም ባለቤትነት አይጠይቅም። ብዙ ዕድር ተከራይ ይቀበላል፤ ደንቡን ጸሐፊው ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ።